«ለእኛ አይሆኑም» ስለተባሉት ጌሞች፤ ከደሴ የተሰጠ ምላሽ

ኮምቦልቻ የሚኖር አንድ ወንድማችን ሰሞኑን ስለተጫወታቸው ጌሞች የጻፈውን አነበብኩት። ሰባት ጌም ሞክሯል፦ ሆሎው ናይት፣ ስታርዲው ቫሊ፣ ፔፐርስ ፕሊዝ፣ ሴለስት፣ ሲቪላይዜሽን 6፣ ሪተርን ኦፍ ዘ ኦብራ ዲን እና ዲስኮ ኢሊሲየም። አንዱንም አልጨረሰም። ድምዳሜው ግልጽ ነው። መብራት በሚሄድበት፣ ላፕቶፑ ባረጀበት፣ ጊዜ በሌለበት አገር እነዚህ ጌሞች ለእኛ አይሆኑም ይላል። በመጀመሪያው ሰዓት ያላስደሰተ ጌም ይጣል፣ ለእኛ ጌም ማለት ፕሌስቴሽን ቤት ገብቶ ኳስ መጫወት ነው ይላል።

ስለ ጌም ቁም ነገር ብሎ በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ብዙ ስለማይገኝ ጽሑፉን ደስ ብሎኝ ነው የጀመርኩት። አማርኛውም ያምራል። ግን ሁላችንንም ወክሎ የደመደመው ነገር አልተዋጠልኝም። እኔም እዚሁ ደሴ ነው የምኖረው። ላፕቶፔ አሮጌ ነው። መብራት እኔም ጋ ይሄዳል። እንዲያውም ከሰባቱ አብዛኞቹ እንደኛ ላለ ሰው ከብዙ ትልልቅ ጌሞች የበለጠ ይመቻሉ ባይ ነኝ። ስለዚህ ወንድምዓለም፣ ነጥብ በነጥብ ልመልስልህ።

ከመብራቱ እንጀምር። ረጅም ጌም መብራት በሚጠፋበት ቦታ አያዋጣም ብለሃል። የእርሻ ጌሙ ስታርዲው ቫሊ ገጸ ባህሪህ በተኛ ቁጥር ሴቭ ያደርጋል። የጌሙ አንድ ቀን ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ነው፤ በእኛ ሰዓት 14 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። መብራቱ በክፉ ሰዓት ቢሄድ የምታጣው እሷን ነው። ከተማ እየቆረቆርክ አገር የምትገነባበት ሲቪላይዜሽን ደግሞ በተራ የሚጫወቱት ነው፤ በየተራው ራሱ ሴቭ ያደርጋል። ላፕቶፑ ደግሞ ትንሽም ብትሆን ባትሪ አለው። አሁን ፕሌስቴሽን ቤቱን አስበው። 3 ለ 2 እየመራህ 80ኛው ደቂቃ ላይ ድርግም ሲል ጨዋታው አለቀ። ሂሳቡን ማን ይክፈል የሚለው ጭቅጭቅ ብቻ ይተርፍሃል። በመብራት ከሆነ የምንመዝነው፣ የወደቀው የአንተ ምርጫ ነው።

በቦታም ቢሆን ያው ነው። ፔፐርስ ፕሊዝ የሚፈልገው 100 ሜጋባይት ነው። ስታርዲው ቫሊ 500 ሜጋባይት ይበቃዋል። የኳስ ጌሙን ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ 24ን ኮምፒውተር ላይ ለመጫን ግን 100 ጊጋባይት ባዶ ቦታ ያስፈልግሃል። ከነዚህ ውስጥ ለአሮጌ ላፕቶፕ የሚሆነው የቱ እንደሆነ ለመፍረድ ብዙ መከራከር የሚያስፈልገን አይመስለኝም።

ወደ ሆሎው ናይት ልምጣ፤ የፈረሰ የምድር ውስጥ ዓለም እየዞርክ የምታስስበት ጌም ነው። «ካርታ የሌለው ጌም የተበላሸ ጌም ነው» ብለሃል። ካርታ አለው፤ ግን ፈልገህ ነው የምታገኘው። አዲስ አካባቢ ስትገባ ባዶ እጅህን ነህ። እየተደናበርክ ትሄድና መሬት ላይ የተበተኑ ወረቀቶች ታያለህ። ቀጥሎ ከሩቅ የሚያንጎራጉር ድምፅ ይሰማል። ድምፁን ተከትለህ ስትሄድ ኮርኒፈር የሚባለው ካርታ ሠሪ ቁጭ ብሎ ሲስል ታገኘዋለህ። ያልጨረሰውን ካርታ ይሸጥልሃል። የቀረውን የምትሞላው አንተ ነህ፤ ለዚያም የላባ ብዕር ገዝተህ፣ አግዳሚ ወንበር አግኝተህ ማረፍ አለብህ። ራስህ የት እንዳለህ በካርታው ላይ ማየት ከፈለግክ ደግሞ ኮምፓስ ገዝተህ ማድረግ አለብህ። እሱም ለሌላ ኃይል የሚሆነውን ቦታ ይይዝብሃል።

ይህን ሁሉ «ተጫዋችን ማንገላታት» ብለኸዋል። እኔ ግን የጌሙ ልብ እዚህ ላይ ነው እላለሁ። በነሐሴ ጉም ደሴ የገባ እንግዳ ተማሪን አስብ። ጦሳን አያይም፣ ፒያሳና ሸዋበር በየት በኩል እንደሚገናኙ አያውቅም፣ ሰው እየጠየቀ ነው የሚማረው። ከወር በኋላ ከተማዋን ያወቃት በእግሩ ስለሆነ አትጠፋበትም። ሆሎው ናይትም የራሱን ዓለም እንዲህ ነው የሚያስተምርህ። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ፣ አውስትራሊያ ውስጥ አደሌድ ከተማ ያሉ በጣት የሚቆጠሩ ሰዎች የሠሩት ጌም ነው። ሲሠሩት እያንዳንዷን መንገድ አስበውባታል። አንድ ነገር ላይ ግን እውነት አለህ፦ ቦስ (ኃይለኛው ጠላት) ገድሎህ ተመልሰህ እዚያው ለመድረስ የምትሄደው መንገድ አንዳንዴ ያለ ምክንያት ይረዝማል።

ስታርዲው ቫሊ ላይ የጻፍከው ነው ከሁሉ ያስቆጨኝ። «እርሻ አይቶ የማያውቅ ፈረንጅ ስለ እርሻ የሚያልምበት ጌም ነው፤ የወሎ ገበሬ ልጅ ምን ይሠራለታል?» ብለሃል።

የአጎቴ ልጅ ኩታበር ነው ያደገው። ደሴ ሲመጣ እኔ ጋ ያድራል። አንድ ማታ ይህን ጌም ስጫወት አጠገቤ ተቀመጠ። ገጸ ባህሪው ጠዋት ተነስቶ ቴሌቪዥን ከፈተ። ቴሌቪዥኑ ነገ ይዘንባል አለ። በማግስቱ ዘነበ። የአጎቴ ልጅ «ሁልጊዜ እንዲህ ልክ ነው የሚነግረው?» አለኝ። አዎ አልኩት። ዝም ብሎ አሰበና «ዝናቡን ካወቀማ ገበሬ ምን ቀረው» አለ። ቀጥሎ የወፍ ማስፈራሪያውን አየ። ካልተከልከው ቁራ መጥቶ አዝመራህን ይበላል፤ ከተከልከው ግን በዙሪያው ያለው ሁሉ ይጠበቃል። «ማማ ላይ ወንጭፍ ይዞ የሚውል ልጅ የለም?» ብሎ ጠየቀ። እሱ ራሱ ልጅ እያለ ማሽላ ሲጠብቅ ነው የዋለው።

ከዚያ በኋላ ጌሙን ከእጄ ተቀብሎ እስኪመሽ ድረስ ተጫወተው። በልግ ሲቀር ምን እንደሚሆን የሚያውቅ ሰው ነው። የበልግ ዝናብ ሲጠፋ የዘር እህል እስከመብላት እንደሚደረስ ከእኔም ከአንተም የበለጠ ያውቃል። በጌሙ ውስጥ የጎደለው ምን እንደሆነ ከማንኛውም ተጫዋች አጥርቶ ያየው እሱ ነው። ወድዶ የተጫወተውም እሱ ነው። እያንዳንዱ ወቅት 28 ቀን መሆኑን፣ ወቅቱ ሲቀየር ያልታጨደው ሰብል እንደሚሞት ሲያውቅ ወዲያው መቁጠር ጀመረ። «አሁን የሚዘራው አይደርስም፣ አትዝራ» ብሎ አስቆመኝ። የወሎ ገበሬ ልጅ ምን ይሠራለታል ላልከው መልሴ ይኸው ነው።

ደግሞ ስታርዲው ቫሊ እርሻ ብቻ መስሎ ታይቶህ ከሆነ የተውከው ቶሎ ስለሆነ ነው። የመንደሩ ሰው ሁሉ የልደት ቀን አለው፤ የሚወደው ስጦታ አለ፤ የሚጠላው አለ። ዝናብ ሲሆን የሚሄድበት ቦታ እንኳ ይለወጣል። አንዱ ወታደር ነበር፣ አንዷ ብቻዋን ልጅ ታሳድጋለች፣ አንዱ መጠጥ ይዞታል። ይህን የምታውቀው በየቀኑ ሰላም እያልክ ነው። ቡና ጠጡ ብሎ ጎረቤት በሚጠራራበት አገር ያደገ ሰው ይህ እንዴት ባዕድ ይሆንበታል? ጌሙን ኤሪክ ባሮን የሚባል አንድ ሰው ከአራት ዓመት በላይ ብቻውን ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2016 አወጣው። ሥዕሉም፣ ሙዚቃውም፣ ኮዱም የእሱ ነው።

ፔፐርስ ፕሊዝ ላይ ደግሞ «ቀኑን ሙሉ ቢሮ የዋለ ሰው ማታ ፓስፖርት ሲያገላብጥ ያመሻል እንዴ?» ብለህ ጠይቀሃል። ለማያውቀው አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። አርስቶትዝካ የምትባል ምናባዊ አገር አለች፤ ዓመቱ 1982 ነው። አንተ የድንበር ኬላ ሠራተኛ ነህ። ሰው በመስኮቱ ወረቀቱን ይሰጥሃል። ስም፣ ፎቶ፣ ቀን፣ ማህተም ታመሳክራለህ። አረንጓዴ ወይም ቀይ ትመታለህ። በትክክል ላስተናገድከው ለእያንዳንዱ ሰው 5 ክሬዲት ይከፈልሃል። በቀን ሁለት ስህተት በማስጠንቀቂያ ይታለፋል። ከሦስተኛው ጀምሮ ከገንዘብህ ይቆረጣል። ማታ የቤት ኪራይ፣ ምግብና ማሞቂያ ይጠብቅሃል። ቤት ውስጥ ሚስት፣ ልጅ፣ አማትና አጎት አሉ። ብርድ ከበዛባቸው ይታመማሉ። መድኃኒት ደግሞ ገንዘብ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት አንድ ሰውዬ ይመጣል። ወረቀቱ የተሟላ ነው፤ ታሳልፈዋለህ። ከመሄዱ በፊት ከኋላዬ ያለችው ሚስቴ ናት፣ አደራ ይልሃል። እሷ ስትመጣ የመግቢያ ፈቃድ የላትም። ብመለስ ይገድሉኛል ትላለች። ባሏ አሁን ነው ያለፈው፤ ወዲያ ማዶ ይጠብቃታል። ቀዩን ማህተም ብትመታ ሕጉን አክብረሃል። አረንጓዴውን ብትመታ ማሽኑ ወዲያው የስህተት ወረቀት እየተንጫጫ ያወጣል። በዚያ ቀን ቀደም ብለህ ስንት ተሳስተሃል? የልጅህ መድኃኒት ተገዝቷል? እጅህ አረንጓዴውና ቀዩ መካከል ቆሞ ሂሳብ ትሠራለህ። ያ «አሰልቺ» ያልከው ወረቀት ማገላበጥ ነው እዚህ ያደረሰህ። ሥራው ቀላል ቢሆን፣ ሰዓቱ ባይሮጥ፣ ውሳኔው ምንም ባልከበደ ነበር።

እኔ ከመስኮቱ በወዲህኛው በኩል ቆሜ አውቃለሁ። አንድ ቢሮ «ፋይልህ አልተገኘም፣ ነገ ተመለስ» እያለ ሲያመላልሰኝ ሠራተኛዋን በሆዴ ስረግማት ነበር። ይህ ጌም በወዲያኛው በኩል አስቀመጠኝ። ሠራተኛዋ ልክ ናት አላሰኘኝም። የሚያልፍ ሰው እንዴት ወደ ወረቀት እንደሚቀየርብህ ግን በእጄ አሳየኝ። ከሰባቱ አንድ ብቻ ምረጥ ብባል ይህን ነው የምመርጠው። ሉካስ ፖፕ ሠርቶት እ.ኤ.አ. በ2013 ሲወጣ 20 ዓይነት ፍጻሜ ነበረው። ወንድምዓለም፣ አንተ አንዱንም ሳታይ ነው የተውከው።

እየዘለልክ ተራራ የምትወጣበትን ሴለስትን ባጭሩ። «መቆጣጠሪያው ይሸውደኛል፣ ጫፍ ላይ ስዘል አልዘልም ይላል» ብለሃል። የተገላቢጦሽ ነው። ሴለስት በስውር ለተጫዋቹ ያደላል። ከገደሉ ጫፍ ካለፍክ በኋላ እንኳ ለቅጽበት መዝለል ትችላለህ። ጭንቅላትህ የጣራ ጠርዝ ሊነካ ለጥቂት ሲል ጌሙ ራሱ ትንሽ ገፋ አድርጎ ያሳልፍሃል። ሠሪዎቹ ይህን በግልጽ ተናግረዋል። የምትጫወተው በላፕቶፕ ኪቦርድ ከሆነ ግን ችግሩ ሌላ ሊሆን ይችላል። ብዙ ኪቦርዶች ሦስት ቁልፍ ባንዴ ሲጫን አንዱን አይቀበሉም። በሴለስት ደግሞ መያዝ፣ አቅጣጫና መዝለል ባንድ ጊዜ ይጫናሉ። ቁልፎቹን ከሴቲንግ ቀይርና እንደገና ሞክረው።

አሲስት ሞድ (ጌሙን የሚያቀልልህ ምርጫ) ማጭበርበር ነው ያልከውን ግን በዋዛ አላልፈውም። ታናሽ እህቴ የጨረሰችው የጌሙን ፍጥነት ቀንሳ ነው። ታሪኩ ስለ ማድሊን ነው፤ ከጭንቀቷ ጋር እየታገለች ተራራ የምትወጣ ልጅ ናት። እህቴ፣ ማድሊን በገመድ በተንጠለጠለው ሊፍት ላይ ትንፋሿን የምታጣበት ቦታ ላይ ስትደርስ ጌሙን አቁማ ረጅም ጊዜ አወራችኝ። ያንን ወሬ እኔና እሷ ከዚያ በፊት አውርተነው አናውቅም። ይህችን ልጅ «አልጨረሽውም» የሚላት ሰው ምን ማለቱ እንደሆነ አይገባኝም።

ሲቪላይዜሽን 6። «ምኒልክን ያስገቡት ለጌጥ ነው፣ ባንዲራና መልክ ብቻ» ብለሃል። እዚያው ጽሑፍህ ላይ ግን ከተሞችህን ሁሉ ወንዝ ዳር ሜዳ ላይ እንደመሠረትክ ጽፈሃል። ነገሩ እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2020 የተጨመረችው ኢትዮጵያ የተሠራችው ለደጋ ነው። በምኒልክ ስትጫወት ኮረብታ ላይ የመሠረትከው ከተማ ከሚያፈራው እምነት 15 በመቶውን የሚያህል ሳይንስና ያንኑ ያህል ባህል ያገኛል፤ እምነት፣ ሳይንስና ባህል በጌሙ የሚቆጠሩ ነጥቦች ናቸው። ኮረብታ ላይ የሚዋጋ ጦርህ ይበረታል። የኦሮሞ ፈረሰኛ ዳገት አያዘገየውም። ከዓለት የሚፈለፈለው ቤተ ክርስቲያን ደግሞ አጠገቡ ባለው ተራራና ኮረብታ ልክ እምነት ያፈራል። በዚህ ጌም ውስጥ ደሴን የመሰለ ቦታ ሀብት ነው። ገደላ ገደሉን አንተ ተሽቀዳድመህ ትይዘዋለህ። ሜዳ ላይ ተቀምጠህ ምኒልክ ምንም አላደረገልኝም ብትል እውነትህን ነው፤ አያደርግልህም። ሰውዬው የሚናገረውም አማርኛ ነው። በቀድሞው በሲቪላይዜሽን 5 ኃይለ ሥላሴ ነበሩ፤ እሳቸውም በአማርኛ ነው የሚያናግሩህ።

እዚህ ላይ የምሰጥህ ነጥብ አለ። ከሰባቱ አሮጌ ላፕቶፕ የሚያስጨንቀው ይህ ነው። ጨዋታው እየገፋ ሲሄድ ተራህ እስኪደርስ ድረስ መጠበቅ ያማርራል። ኢትዮጵያም ለብቻ የሚከፈልባት ተጨማሪ ናት። ከዚህ ሆኖ ወደ ውጭ መክፈል ቀላል አለመሆኑን ሁላችንም እናውቀዋለን።

አሁን ወደ ፕሌስቴሽን ቤቱ። «ብቻህን ተዘግተህ የምትጫወተው ጌም የእኛ ባህል አይደለም፤ ጌም በሰው መሃል ነው» የሚለው አንቀጽህ ከጽሑፉ ሁሉ የተሻለው ነው። እኔም ፕሌስቴሽን ቤት ነው ያደግኩት። አንዷን ጆይስቲክ አምስት ልጅ ከኋላ ቆሞ ሲጠብቃት፣ ተሸናፊ ሲነሳ፣ ሜዳ ላይ ኳስ ነክቶ የማያውቅ ልጅ እንደ አሰልጣኝ ሲጮህ፣ ያንን ደስታ ማንም አይነግረኝም። ልዩነታችን ያንን ደስታ ለኳስ ጌም ብቻ መስጠትህ ላይ ነው።

ኦብራ ዲንን እንውሰድ። «ጥቁርና ነጭ ነው፣ ዓይኔን አመመኝ» ብለህ በግማሽ ሰዓት ትተኸዋል። ይህን ጌም እኛ ሦስት ሆነን ነው የተጫወትነው፤ አንድ ላፕቶፕ፣ አንድ ባለ መስመር ደብተር። ጊዜው 1807 ነው። ጠፍታ የነበረች መርከብ ሰው አልባ ሆና ትመለሳለች። በላይዋ 60 ሰዎች ነበሩ። አንተ የኢንሹራንስ መርማሪ ነህ። አስከሬን አጠገብ ቆመህ የምትከፍታት የኪስ ሰዓት ሰውዬው የሞተባትን ቅጽበት ታሳይሃለች። ማን እንደሆነ፣ እንዴት እንደሞተ፣ ማን እንደገደለው ከድምፅ፣ ከልብስ፣ ከመኝታው ቁጥር እየገመትክ ትጽፋለህ። ጌሙ ትክክል ነህ የሚልህ የሦስት ሰው ዕጣ በሙሉ ልክ ስትሆን ነው። ስለዚህ በጭፍን መገመት ብዙ አያስኬድም።

እንዴት ያለ ክርክር ነበር! አንዱ ጓደኛችን የሰዎቹን ጫማ ብቻ ያያል። ሌላው ዘዬ ይሰማል። እኔ ደብተሩን ይዣለሁ። ሦስቱ ዕጣዎች ባንዴ ልክ ሆነው ሲጸድቁ የጮህነው ጩኸት ከፕሌስቴሽን ቤት ጩኸት አያንስም። የቤቱ ባለቤት ጎል የገባ መስሏቸው ማን አገባ ብለው ጠየቁን። ይህ ጌም በመጀመሪያው ሰዓት ብዙ አይሰጥህም፤ አስከሬን ብቻ ያበዛብሃል። የአንድ ሰዓት ሕግህን ብንከተል ያ ማታ አይኖርም ነበር። ጥቁርና ነጩን በተመለከተ፣ ዓይንህን ካመመህ በሴቲንግ ውስጥ ቀለሙን የምትቀይርበት ምርጫ አለ። ይህም የዚያው የሉካስ ፖፕ ሥራ ነው፤ መልኩን የቀዳው ልጅ ሆኖ ከተጠቀመባቸው የድሮ ማኪንቶሽ ኮምፒውተሮች ነው።

የቀረው ዲስኮ ኢሊሲየም ነው። እሱ ላይ ካንተ ጋር ነኝ። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ፣ የኢስቶኒያ ልጆች የሠሩት ድንቅ ጌም ነው። ግን ከአንድ ሚሊዮን ቃል በላይ እንግሊዝኛ አለበት፤ እንግሊዝኛውም በቅኔ የተሞላ ነው። መዝገበ ቃላት ይዞ የሚጫወት ሰው ደስታው ይቀዘቅዝበታል። ፔፐርስ ፕሊዝም ቢሆን እንግሊዝኛ ለማይቀናው ሰው ይከብዳል። ከሰባቱ አንዱም ጽሑፉ በአማርኛ አይደለም። ቅሬታህ የእኔም ቅሬታ ነው።

የምንለያየው ከዚያ በኋላ ነው። አንተ «እንተዋቸው» ብለሃል። ስታርዲው ቫሊ ግን ተጫዋቾች ራሳቸው አዲስ ቋንቋ እንዲጨምሩበት በሩን ከፍቷል። የፊደል ሥዕሎቹን ማዘጋጀት፣ ጽሑፉን ፋይል በፋይል መተርጎም ይጠይቃል። ድካም አለው እንጂ የሚቻል ነገር ነው። እኔ የመሣሪያና የዘር ስሞቹን ጀምሬያለሁ። የኩታበሩ የአጎቴ ልጅ የእርሻ ቃል ሲጠፋኝ ይነግረኛል። የመንደሩ ሰዎች ንግግር ግን ብዙ ነው፤ ሽማግሌው እንደ ሽማግሌ፣ ሕፃኗ እንደ ሕፃን እንዲያወሩ አማርኛ የሚያምርበት ሰው ይፈልጋል። ያንተ አማርኛ ያምራል ያልኩት ለማባበል አይደለም። ሐረጎን ወጥተህ ደሴ ና፤ ካልተመቸህም እኔ ላፕቶፑን ይዤ ኮምቦልቻ እወርዳለሁ።